ያለ አዋላጅ ስለሚደረግ ወሊድ፦ ምክር የሰጠን ሰዎች ኃላፊነታችን እስከ የት ይደርሳል?

ርዕሱን የከፈተች አባል፦

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ ለብዙ ሳምንታት ሳመነታ ቆይቻለሁ። ያለ ማንኛውም የጤና ባለሙያ እገዛ በቤታቸው መውለድ የሚፈልጉ ሴቶች የሚመካከሩበትን አንድ የበይነ መረብ ቡድን ለአራት ዓመታት ያህል ከሚያስተባብሩት አንዷ ነበርኩ። የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት በጤና ተቋም ነው፤ ፈቃዴ ሳይጠየቅ ተቆርጬአለሁ፣ ሕመሙ ጸንቶብኝ ስጮህ ተሰድቤአለሁ፣ ልጄን ለማቀፍም ሰዓታት ጠብቄአለሁ። ሁለተኛዋን ብቻዬን በቤቴ ስወልድ ግን ማንም ክፉ ሳይናገረኝ በሰላም ተገላገልኩ። ወደ ቡድኑ የገባሁት ከቁስሌ የተነሣ እንጂ ሕክምናን በመናቅ አልነበረም፤ በዚያ ያገኘኋቸው አብዛኞቹ ሴቶችም እንደ እኔ ነበሩ።

ባለፈው ዓመት አንዲት አባላችን የመጀመሪያ ልጇን በምታምጥበት ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ የሽርት ውሃዋ እንደፈሰሰና ቀለሙ አረንጓዴ እንደሆነ ጽፋ ምን ማድረግ እንዳለባት ጠየቀችን። «የተለመደ ነው፤ ሰውነትሽን እመኚ፤ ፍርሃት ምጥን ያጓትታል» የሚል መልስ የሰጠናት ሰባት ሴቶች ስንሆን፣ ከሰባቱ አንዷ እኔ ነኝ። ንጋት ላይ ደግማ ጠየቀች፤ ያንኑ ደግመን መለስን። ሕፃኑ የተወለደው ከቀትር በኋላ ነበር፤ አልተነፈሰም።

እንቅልፍ የነሣኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ነው። በዚያው ቀን ማምሻውን መልሶቻችን አንድ በአንድ ተሰረዙ። ከአስተባባሪዎቹ አንዷ «አንዳንድ ሕፃናት የትም ቢወለዱ ይሞታሉ» ብላ ጻፈች፤ ሌላዋ እናትየዋ በመፍራቷ ምጧ እንደተበላሸ ተናገረች። በቡድኑ መግቢያ ላይ «እያንዳንዷ ሴት ለወሊዷ ሙሉ ኃላፊነት ትወስዳለች» የሚል ደንብ ተለጥፏል። ያን ደንብ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ስጽፈውም ለሴቶች ክብር የሰጠሁ መስሎኝ ነበር። በተግባር ምን ይሠራ እንደነበር የገባኝ ሕፃኑ የተቀበረ ዕለት ነው፦ ወሊዱ በሰላም ሲያልቅ ምስጋናው ለቡድኑ ይሰጥ ነበር፤ ሳይሆን ሲቀር ደግሞ ጥፋቱ የእናትየዋ ብቻ ይሆናል።

እናትየዋ የምትወልድበትን ቦታ የመምረጥ መብት አልነበራትም ማለቴ አይደለም፤ ዛሬም መብቷ ነው ብዬ አምናለሁ። የምጠይቃችሁ ሌላ ነው። ኃላፊነትና ተጠያቂነት የሚሉትን ቃላት እያቀያየርን እንናገራቸዋለን፤ ይሁንና ኃላፊነት ነገሩ ከመድረሱ በፊት የሚሸከሙት ሲሆን፣ ተጠያቂ ግን ቃሉ ራሱ እንደሚለው ነገሩ ከደረሰ በኋላ የሚጠየቅ ሰው ነው። እኛን ሰባታችንን ማንም አልጠየቀንም። ልትጠይቀን የሞከረችው እርሷ ብቻ ናት፤ ከሁለት ወር በፊት፣ በየትኛው ሰዓት ምን እንደጠየቀችና ማን ምን እንደመለሰላት የሚያሳየውን ጽሑፍ እንድልክላት ለመነችኝ። ቅጂው በእጄ አለ። እስካሁን አልመለስኩላትም።

አዋላጅ ነኝ፦

እህቴ፣ ይህን በመጻፍዎ አመሰግንዎታለሁ። ሙያዬ ማዋለድ ስለሆነ፣ ስለ ኃላፊነት ከመናገሬ በፊት ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ።

በቤት መውለድና ያለ ረዳት መውለድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በዚህ ክርክር ከሁሉ ይበልጥ ጉዳት የሚያመጣው የሁለቱ መደባለቅ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመውና በእንግሊዝ ዝቅተኛ ስጋት ያለባቸውን ወደ 64,000 የሚጠጉ ወላዶች የተከታተለው ጥናት፣ ከዚያ በፊት የወለዱ ሴቶች በቤታቸው ለመውለድ ማቀዳቸው በሕፃኑ ላይ የተለየ አደጋ እንዳላስከተለ አሳይቷል። ለመጀመሪያ ጊዜ በሚወልዱት ዘንድ ግን በሕፃኑ ላይ የደረሰው ሞትና ከባድ ጉዳት፣ ሐኪሞች በሚመሩት የማዋለጃ ክፍል ለመውለድ ባቀዱት ከ1,000 ወሊድ 5.3 ሲሆን፣ በቤት ለመውለድ ባቀዱት 9.3 ነበር። በቤት ካቀዱት ከእነዚህ የመጀመሪያ ልጅ ወላዶች መካከልም 45 በመቶ የሚሆኑት በምጥ ጊዜ ወይም ወዲያው ከወሊድ በኋላ ወደ ሆስፒታል ተዛውረዋል። ይህ ሁሉ የሆነው የፅንሱን ልብ የሚያዳምጥ፣ መድኃኒት የያዘና ወደ ሆስፒታል የመሄጃውን ሰዓት የሚያውቅ አዋላጅ ባለበት ነው። ብቻቸውን ለመውለድ የሚዘጋጁ ሰዎች ይህን ጥናት ለራሳቸው ማስረጃ አድርገው ሲጠቅሱት ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ጥናቱ ግን ስለ እነርሱ ምንም አይናገርም።

ሕክምናን ጨርሶ ትቶ ስለመውለድ ያለን ማስረጃ ጥቂት ነው። ከጥቂቶቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1984 የታተመው፣ በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት ሕክምናን በእምነቱ ምክንያት በማይቀበል ማኅበረሰብ ላይ የተደረገው ጥናት ነው። ከግዛቱ ነዋሪዎች ጋር ሲነጻጸር በወሊድ ዙሪያ የሚደርሰው የሕፃናት ሞት ወደ ሦስት እጥፍ፣ የእናቶቹ ሞት ደግሞ ወደ መቶ እጥፍ ይጠጋ ነበር። የተጠኑት ወሊዶች ጥቂት መቶዎች ብቻ ስለሆኑ ቁጥሩ በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባል፤ የልዩነቱ ስፋት ግን በወሊዶቹ ማነስ ብቻ የሚብራራ አይደለም።

አሁን ወደ አረንጓዴው ውሃ ልምጣ። ሕፃኑ ገና በማህፀን ሳለ የመጀመሪያ ዐይነ ምድሩን እንዳወጣ ያመለክታል። ጊዜያቸው ደርሶ ከሚወለዱት ውስጥ ቢያንስ ከአሥሩ በአንዱ ላይ ስለሚታይ «የተለመደ ነው» ማለታችሁ ፍጹም ሐሰት አልነበረም፤ ከእነዚህ ሕፃናት አብዛኞቹም ጤነኛ ሆነው ይወለዳሉ። የጎደለው ቀጥሎ መምጣት የነበረበት ጥያቄ ነው፤ የልቡ ምት ስንት ነው? የጤነኛ ፅንስ ልብ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ይመታል። የዓለም ጤና ድርጅት ምጡ ከፋፋመ በኋላ በየ15 እስከ 30 ደቂቃ፣ መግፋት ሲጀመር ደግሞ በየ5 ደቂቃው እንዲደመጥ ይመክራል። ያን የሚያዳምጥ ሰው በዚያ ቤት አልነበረም፤ እናንተም ከሩቅ ሆናችሁ ልታዳምጡ አትችሉም ነበር። ሳያዳምጡ «ደህና ነው» ማለት ነው እንግዲህ እኔ ከባድ የምለው።

ሕፃናት ሲወለዱ ከመቶ 85 የሚያህሉት በራሳቸው ይተነፍሳሉ፤ 10 የሚያህሉት ሰውነታቸው ሲደርቅና ጀርባቸው ሲታሽ ይነቃሉ፤ 5 የሚያህሉት ግን በጭምብል አየር ሊሰጣቸው ያስፈልጋል፣ ይህም በመጀመሪያዋ ደቂቃ ውስጥ መጀመር አለበት። ይህ ልጅ ከእነዚያ አንዱ ነበር ወይስ ገና በማህፀን ሳለ ሞቶ ነበር? አላውቅም፤ ይድን ነበር ብዬም ልነግርዎ አልችልም። እናትየዋም ይህን መልስ ሳታገኝ ነው ዕድሜዋን የምትኖረው፤ ከሐዘኗ ሁሉ የሚከብደኝ ይህ ነው።

ሁለት ልጆቿን ብቻዋን የወለደች፦

አዋላጇን አከብራለሁ፤ ሆኖም ክርክሩ ሲነሣ ሁልጊዜ የምንመረመረው እኛ ብቻ መሆናችን ያሳዝነኛል። እ.ኤ.አ. በ2019 በጋና፣ በጊኒ፣ በማይናማርና በናይጄሪያ የተደረገ ጥናት ታትሟል። አጥኚዎቹ በምጥ ላይ ሳሉ በዐይናቸው ከተከታተሏቸው 2,016 ሴቶች መካከል 838ቱ፣ ማለትም ከመቶ 42ቱ፣ በጤና ተቋም ውስጥ ተመትተዋል፣ ተሰድበዋል ወይም ተዋርደዋል። ርዕሱን የከፈተችው እህታችን የደረሰባት ነገር የእርሷ ብቻ ዕጣ አይደለም። አንዲት ሴት ከዚያ ሸሽታ ብቻዋን ስትወልድ ሸሸች ተብላ ትወቀሳለች፤ ያባረራት ሰው ስም ግን በየትኛውም መዝገብ አይገኝም።

ታሪክንም እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ በቪየና ትልቁ ሆስፒታል የሐኪሞች ማሠልጠኛ በነበረው የመጀመሪያው የማዋለጃ ክፍል በአራስ ትኩሳት የሚሞቱት እናቶች በጣም ብዙ ከመሆናቸው የተነሣ፣ ሴቶች ወደዚያ ክፍል እንዳይመደቡ እያለቀሱ ይለምኑ ነበር። በመንገድ ላይ የወለዱት እንኳ ከዚያ ክፍል ወላዶች ያነሰ ይታመሙ እንደነበር ሐኪሙ ኢግናዝ ዜመልቫይስ ራሱ መዝግቧል። እውነቱ ከእነዚያ ሴቶች ጋር ነበረ።

በሆስፒታል የተወለደ ሕፃን ሲሞት እናቱን «ለምን ወደዚያ ሄድሽ» የሚላት የለም። በቤቷ ሲሞትባት ግን ሐዘኗ ገና ሳይወጣላት ምርመራ ይጀመራል። እኔ ለሁለቱም ልጆቼ ኃላፊነቱን ወስጄ ነው የወለድኳቸው፤ ክፉ ቢመጣም ማንንም ልወቅስ አልነበረም። ልጁን ያጣችው እናትም ይህን አውቃ የገባች ይመስለኛል፤ ስለዚህ እህቴ ራስዎን አያሰቃዩ።

አዋላጅ ነኝ፦

እህቴ፣ ስለ ስድቡና ስለ ድብደባው የጻፉትን አንድም ቃል አልቃወምም። አብሬ ከሠራኋቸው መካከል እንዲህ የሚያደርጉ አይቻለሁ፤ ዝም ያልኩባቸው ቀናትም ነበሩ፣ በዚያም አፍራለሁ። ስለ ቪየና ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው እናንብበው። በዚያው ሆስፒታል ሁለተኛ የማዋለጃ ክፍል ነበረ፤ በዚያ የሚሠለጥኑት አዋላጆች ሲሆኑ የሚሞቱባቸው እናቶች ቁጥር እጅግ ያነሰ ነበር፣ ሴቶቹም እያለቀሱ የሚለምኑት ወደዚያ ለመግባት ነው። የመጀመሪያውን ክፍል ወላዶች የገደለው፣ ሐኪሞችና ተማሪዎች ሬሳ ከመረመሩ በኋላ በዚያው እጃቸው ወላዶችን መንካታቸው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1847 እጃቸውን በክሎሪን ውሃ መታጠብ ሲጀምሩ ሞቱ ከጥቂት ወራት በኋላ ከመቶ እናቶች ወደ አንድ ወይም ሁለት ወረደ። እነዚያ ሴቶች የፈለጉት ንጹሕ እጅ ያለው ረዳት ነበር።

ዛሬም እንደዚያው ይመስለኛል። በምጥ ጊዜ አንድ ሰው ከአጠገቧ ሳይለይ የሚደግፋት ሴት ያለ ቀዶ ጥገና የመውለድ ዕድሏ እንደሚጨምር፣ 26 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ግምገማ እ.ኤ.አ. በ2017 አረጋግጧል። ሴቶች ከእኛ የሚሸሹት ይህን ስናሳጣቸው ነው።

አባት፦

ከዚህ በፊት በዚህ መድረክ ጽፌ አላውቅም። ባለቤቴ ሦስተኛ ልጃችንን በቤታችን ያለ ረዳት ለመውለድ ወሰነች፤ እኔ አልተስማማሁም፣ ሆኖም ሰውነቱ የእርሷ ስለሆነ ዝም አልኩ። ልጁ በሰላም ተወለደ፤ አለቀስን፣ ተቃቀፍን። እንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ ግን ደሟ መፍሰሱን አላቆመም። ከወሊድ በኋላ ከግማሽ ሊትር በላይ ደም መፍሰስ አደገኛ እንደሆነ አንብቤ ነበር፤ ደም ወደ ፍራሽና ወደ ጨርቅ ሲሰርግ ግማሽ ሊትር ምን እንደሚመስል ግን የነገረኝ አልነበረም። «ደህና ነኝ፣ እንቅልፌ ነው» ትለኝ ነበር። እንቅልፍ አልነበረም። አምቡላንስ ጠራሁ፤ ተረፈች።

በኋላ ሐኪሟ እንደነገረችኝ፣ በአብዛኛው ማህፀኑ ሳይኮማተር ሲቀር የሚመጣው ይህ ዓይነት ደም ጤነኛ የነበረችን ሴት በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል፤ ባለሙያ ቢኖር ደግሞ ልጁ እንደተወለደ በሚሰጥ፣ ማህፀኑን በሚያኮማትር አንድ የኦክሲቶሲን መርፌ ብዙ ጊዜ ይከላከሉታል። «ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ» ላሉት እህት በአክብሮት አንድ ነገር ልንገራቸው። ባለቤቴም ይህንኑ ብላ ነበር፤ ከልቧም ነበር። ራሷን ስትስት ግን ኃላፊነቱ ከእርሷ እጅ ወጥቶ እኔ ላይ ወደቀ፤ አምስት ደቂቃ ዘግይቼ ደውዬ ቢሆን ሁለት ልጆቼንና አራሱን ሕፃን ይዤ ምን እላቸው ነበር? ይህን የሚሸከመው ማን እንደሆነ አስቀድመን አልተነጋገርንም ነበር።

የሕግ ባለሙያ፦

ሕጉ እናትየዋን በሚመለከት ብዙዎች ከሚገምቱት በላይ ለስላሳ ነው። በእንግሊዝ የይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1998 እንደወሰነው፣ አእምሮዋ የተስተካከለ ነፍሰ ጡር የራሷም ሆነ የፅንሱ ሕይወት አደጋ ላይ ቢወድቅ እንኳ ሕክምናን እምቢ ማለት ትችላለች። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ደግሞ አንዲት ሴት በቤቷ ብቻዋን ወልዳ ሕፃኑ በመሞቱ በቸልተኝነት ሰው በመግደል ጥፋተኛ ተብላ ነበር። የግዛቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 ፍርዱን ሻረው፤ በምጥ ላይ ያለች ሴት ሐኪም እንድትጠራ በወንጀል ሕግ የሚያስገድድ ግዴታ ለመጣል አልፈቀደም፣ እርዳታ ተጠርቶ ቢሆን ሕፃኑ ይድን እንደነበርም በበቂ አልተረጋገጠም አለ። አዋላጇ «አላውቅም» ያሉት ነገር በፍርድ ቤትም ያው ነው የሆነው።

አውሮፓ ውስጥ የተነሣው ክርክር በአመዛኙ ስለ ረዳቶቹ ነው። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 በሃንጋሪ ላይ በቀረበው ክስ፣ ሴት የምትወልድበትን ሁኔታ መምረጧ የግል ሕይወቷ አካል ነው ሲል ወሰነ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ግን በቼክ ሪፐብሊክ ጉዳይ አዋላጆች በቤት እንዳያዋልዱ የሚያግደው ሕግ መብት አልጣሰም አለ። በዚህ ሁለተኛ ውሳኔ እኔ አልስማማም። ሴቲቱ በቤቷ ብትወልድ አትቀጣም፤ ልትረዳት የመጣችው አዋላጅ ግን ትቀጣለች። በቤቷ ለመውለድ የቆረጠችን ሴት እንዲህ ያለ ሕግ ሐሳቧን አያስለውጣትም፤ የሚያስቀርባት ረዳቷን ነው። ስለዚህ ተጠያቂዎችን ስንቆጥር ሕግ አውጪውንም መዝለል የለብንም።

አማካሪዎቹን በሚመለከት ሕጉ ገና ወደ ኋላ የቀረ ነው። በብሪታንያ አዋላጅ ወይም ሐኪም ሆኖ ያልተመዘገበ ሰው ከድንገተኛ ሁኔታ በቀር ወላድን ማዋለድ ወንጀል ነው፤ ከሩቅ በጽሑፍ «ጠብቂ» ማለት ግን በዚህ ሥር ለመግባቱ እጠራጠራለሁ። እኔ የምመዝነው በሦስት ጥያቄዎች ነው፦ ምክሩን የሰጠው ሰው እንደሚያውቅ አድርጎ ራሱን አቅርቧል ወይ? በምክሩ ተጠቅሟል ወይ? ወላዷ ሐሳቧን ልትለውጥ ስታመነታ መልሶ ገፍቷታል ወይ? ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል፤ ምክንያቱም «ምርጫዋ ነበር» የሚለው መከላከያ የሚቆመው ምርጫው እስከ መጨረሻው ክፍት ከነበረ ብቻ ነው። እህቴ፣ ቅጂውን ከመስጠትዎ በፊት የራስዎን ጠበቃ እንዲያማክሩ እመክራለሁ፤ እንዳይሰጡ ለማለት ሳይሆን ምን እያደረጉ እንደሆነ አውቀው እንዲያደርጉት ነው። መሰረዝ ግን ፈጽሞ አያስቡ።

ሁለት ልጆቿን ብቻዋን የወለደች፦

የሕግ ባለሙያው ሦስተኛ ጥያቄ አላስተኛኝም። በሁለተኛው ምጤ ሰዓት «ልሂድ ይሆን?» ብዬ ጽፌ ነበር፤ «ይህ ወደ መግፋት የመሸጋገሪያው ሰዓት ነው፣ ሁሉም ሴት እዚህ ላይ ትጠራጠራለች» አሉኝ፣ ቀረሁ፣ ወለድኩ። እስከ ዛሬ ያን መልስ እንደ ውለታ ነበር የማየው። ሌላ የሚያስፈራ ምልክት ኖሮኝ ቢሆን የሚመልሱልኝ ያንኑ አልነበረምን? መልስ የለኝም። «ራስዎን አያሰቃዩ» ያልኩትን አነሣለሁ።

አወያይ፦

የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፣ እናትየዋ ማን እንደሆነች ለማወቅ የሚሞክሩ ሁለት መልእክቶች ደርሰውኝ ሰርዣቸዋለሁ። እባካችሁ አትፈልጓት።

ርዕሱን የከፈተች አባል፦

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። ጠበቃ አማክሬአለሁ፤ ያለኝን በጥሞና ሰምቼ የራሴን ውሳኔ ወሰንኩ። የጻፍኩት ደንብ አሁንም በቡድኑ መግቢያ ላይ አለ፤ እንዲነሣ ጠይቄ ነበር፣ ከአስተባባሪነት አስወገዱኝ።

ዛሬ ጠዋት ለእናትየዋ ደወልኩላት። ቅጂውን አትሜዋለሁ፣ 11 ገጽ ነው፣ በፖስታ ከምልክልሽ ፈቃድሽ ከሆነ ራሴ ይዤልሽ ልምጣና የምትዪኝን ሁሉ ልስማ አልኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ የጠየቀችኝ ስለ አረንጓዴው ውሃ አልነበረም፤ ማን ምን እንዳለም አልጠየቀችኝም። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ቤተሰቧ «አንድ ጊዜ እንኳ ሆስፒታል ልሂድ አላልሽም» እያለ ሲወቅሳት እንደኖረና እርሷም እንዳላለች አምና እንደተቀበለች ነገረችኝ። «ብያለሁ ወይስ አላልኩም?» አለችኝ።

ገጾቹ ፊቴ ነበሩ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ ብላለች፤ ሲነጋም ብላለች። ለሁለተኛው የመለስኩት እኔ ነኝ። «ብለሻል» አልኳት፤ «ሁለት ጊዜ።»

ቅዳሜ እሄዳለሁ።